ጉሮሮና የልጆቻችን ጤና

ጉሮሮ የትንፋሽና የምግብ የጋራ በር ነው። ከበሩ በታች መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ የአየር ቧንቧ ከፊት፣ የምግብ ቧንቧ ከኋላ ይወርዳሉ። በምንውጥበት ጊዜ ማንቁርት ከፍ ይላል፤ ክዳኑም የአየሩን መንገድ ይጋርዳል። እየጎረስን ስንስቅ ትን የሚለን ይህ ሥርዓት ስለሚዛባ ነው። የአዛዥ ትእዛዝም ሆነ የእናት እሹሩሩ ድምፅ ሆኖ የሚወጣው ከዚያው ከማንቁርት ነው።

ልጅ ጉሮሮውን ሲታመም እንጥል ማስቆረጥ በአካባቢያችን የቆየ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ እንጥል የበሽታው ምንጭ አይደለችም። መቁረጡ ግን ደም አፍስሶ፣ ቁስሉም አመርቅዞ ሕፃኑን ለሞት ሊያደርስ ይችላል፤ ያልተቀቀለ ምላጭም መንጋጋ ቆልፍን ያመጣል።

ከጉሮሮ ሕመም አንዱ ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣው ነው። ይህ በወቅቱ ካልታከመ የልብን በሮች የሚያበላሽ የሩማቲክ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። ፔኒሲሊን ግን ይህን አስቀድሞ ይከላከላል።

ስለዚህ አባት በግዳጅ ላይ ቢሆንም፣ ጎረቤት ምላጭ ይዞ ቢመጣም፣ ትኩሳት ያለበትን ልጅ ወደ ሕክምና እንውሰድ። የታዘዘውንም መድኃኒት «ተሽሎታል» ብለን ሳናቋርጥ እስከ መጨረሻው ቀን እንስጠው።