ጥቁሩ ቀለበትና የልጆች ጥያቄ

ማታ ማታ ንባብ በምናስተምርበት ቤት አንድ አባት የተበላሸ ራዲዮ ይዘው መጡ። ራዲዮው ከተናገረ ብዙ ዘመኑ ነው። «ልጆቹ ፈታትተው ጨረሱት። ከሆዱ ውስጥ ግን ይህ ወጣ» አሉና ጥቁር ቀለበት የመሰለ ነገር አሳዩን። ማጭዳቸውን ሲያስጠጉት ቀለበቱ ጧ ብሎ ተጣበቀ።

«ልጄ ይህ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ዝም በል አልኩት። የማላውቀውን ጠይቆኝ እንዳላፍር ብዬ ነው» አሉን።

ይህ አነጋገር ከልባችን አልወጣም። እንዲህ የሚያስቡ አባቶችና እናቶች ብዙ ናቸው። ፊደል የቆጠርነው ዘንድሮ ነው፤ ልጆቻችንን ምን ልናስተምር እንችላለን? ይላሉ። እኛ ግን ከዚያ ቀለበት አንድ ነገር ተማርን። ልጅን ለማስተማር ሁሉን ማወቅ አያስፈልግም። ከልጁ ጋር መሞከር ይበቃል። ያደረግነውን እንንገራችሁ፤ እናንተም በቤታችሁ ሞክሩት።

ማግኔት ምንድን ነው?

ጥቁሩ ቀለበት ማግኔት ይባላል። በመጻሕፍት መግነጢስ ተብሎም ይጻፋል። ማግኔት ብረትን ወደ ራሱ ይስባል። በራዲዮ ድምፅ ማጉያ ውስጥ አለ። በብስክሌት ዲናሞና በተንቀሳቃሽ ስልክ ውስጥም አለ። ከመሬት የሚገኝ፣ በተፈጥሮው ማግኔት የሆነ ጥቁር ድንጋይም አለ። የጥንት ሰዎች መጀመሪያ ያወቁት ይህንኑ ድንጋይ ነው።

ሙከራ 1፦ የሚሳብና የማይሳብ

ልጆቹን ሰበሰብናቸው። ከየቤታቸው የተገኘውን ሁሉ አመጡ። ምስማር፣ መርፌ፣ ጣሳ፣ የመዳብ ሽቦ፣ የአሉሚኒየም ድስት፣ የብር ቀለበት፣ እንጨት፣ የሸክላ ስባሪ ቀረበ። ሰሌዳውን በመስመር ለሁለት ከፈልነው። በአንድ በኩል «ይሳባል»፣ በሌላው በኩል «አይሳብም» ብለን ጻፍን። ሕጉ አንድ ብቻ ነው። ማግኔቱን ከማስጠጋት በፊት ሁሉም ሰው ግምቱን ይናገራል።

የራዲዮው ባለቤት «ብረታ ብረት የሆነ ሁሉ ይሳባል» አሉ። ልጃቸው «የእማዬ ድስት አይሳብም» አለ። አዋቂዎቹ ለአባት ፈረዱ። ማግኔቱን ወደ ድስቱ አስጠጋነው፤ ድስቱ ዝም አለ። አባትየው ሳቁና «ዛሬስ ልጄ ረታኝ» አሉ።

ቀጥሎ ተራው የእኛ ሆነ። አንድ ልጅ የማይዝግ ማንኪያ አመጣ። እኛም በሙሉ ልብ «ብረት ነው፤ ይሳባል» አልን። ማንኪያው አልተሳበም። ልጆቹ እንዴት እንደሳቁብን ምን እንበላችሁ! «ተሳስተናል» አልናቸው። በኋላ ምክንያቱን ነገርናቸው። የማይዝግ ማንኪያ ብረት ብቻ አይደለም። ሌሎች ማዕድናት ተቀላቅለውበታል። ከእንዲህ ዓይነቱ ማንኪያ አንዳንዱ ይሳባል፣ አንዳንዱ አይሳብም።

በመጨረሻ ሰሌዳው ምን አለን? ብረት ይሳባል። መዳብ፣ አሉሚኒየም፣ ብርና ወርቅ አይሳቡም። ከብረት ሌላ ኒኬልና ኮባልት የሚባሉ ማዕድናትም ይሳባሉ። ፍርዱን የሰጠው ግን ትልቅ ሰው አይደለም፤ አስተማሪም አይደለም። የፈረደው ዕቃው ራሱ ነው።

ሙከራ 2፦ ሳይነኩ መሳብ

መርፌ በውኃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ጣሉ። ማግኔቱን ከብርጭቆው ውጭ አስጠግታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንሡት። መርፌው ግድግዳውን ይዞ ይወጣል። እጃችሁ ግን ውኃ አልነካውም። የማግኔት ኃይል በውኃ፣ በብርጭቆ፣ በወረቀትና በጨርቅ ውስጥ ያልፋል። ሲርቅ ደግሞ ቶሎ ይደክማል። ከአንድ ወረቀት ጀምራችሁ ወረቀት እየደረባችሁ ብትሞክሩ ድካሙን ታያላችሁ።

ሌላም አለ። ማግኔቱን በላስቲክ ጠቅልላችሁ በወንዝ ዳር አሸዋ ላይ ጎትቱት። በብዙ ቦታ አሸዋ ውስጥ ጥቁር ደቃቅ ነገር አለ። እርሱ ተሰብስቦ ከላስቲኩ ላይ ይለጠፋል። ይህ ጥቁር ደቃቅ ብረት ያለበት ማዕድን ነው። ላስቲኩን ከማግኔቱ ስትለዩት አሸዋው ይረግፋል። ያንን በወረቀት ላይ በትኑትና ማግኔቱን ከወረቀቱ ሥር ያዙት። ወረቀቱን በጣት መታ መታ አድርጉት። ደቃቁ በመስመር በመስመር ይሰለፋል። በዓይን የማይታየው ኃይል የት የት እንደሚሄድ መስመሩ ያሳያችኋል።

ሙከራ 3፦ የጋለ ብረትስ?

ከልጆቹ መካከል አንዲት የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ቀጥቃጭ ናቸው። ማረሻና ማጭድ ለአገሩ ሁሉ ይሠራሉ። እንደምታውቁት በብዙ ቦታ ሰው በማረሻው ይጠቀማል፤ ማረሻውን የሠራውን ሰው ግን ይንቃል። ልጅቷም ሁልጊዜ የምትቀመጠው ከሁሉ ኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ነበር።

ያን ዕለት ግን እጇን አወጣችና «የጋለ ብረትስ ይሳባል?» ብላ ጠየቀች።

ቤቱ ዝም አለ። እኛም መልሱን በመጽሐፍ አንብበን እንደሆነ እንጂ በዓይናችን አይተን አናውቅም። «አባትሽ ይፈቅዱልን ይሆን?» አልናት። በማግሥቱ ሁላችንም ወደ ቀጥቃጩ ቤት ሄድን። አንዳንዶቹ ልጆች በዚያ ደጅ አልፈው አያውቁም። «አትሂዱ» ተብለው ያደጉ ናቸው። አንዲት እናት ልጃቸውን ሊከለክሉ ተነሥተው ነበር። በኋላ «እስቲ እኔም ልየው» ብለው አብረው መጡ።

ማግኔቱን በክር አንጠለጠልነው። ቀጥቃጩ ወፍራም ምስማር በጉጠት ይዘው ቀዝቃዛ እንዳለ ወደ ማግኔቱ አስጠጉት። ማግኔቱ ወደ ምስማሩ ሄደ። ከዚያ ምስማሩን ፍም ውስጥ ከተቱት። ልጅቷ ወናፉን ነፋች። ምስማሩ ቀላ፣ ከዚያም ደማቅ ብርቱካን መሰለ። አውጥተው ሳያነኩ በጣት ያህል ርቀት ላይ ያዙት። ማግኔቱ ንቅንቅ አላለም! ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ምስማሩ እየጠቆረ ሲመጣ ማግኔቱ እንደገና ወደ እርሱ ዞረ።

ምክንያቱ ይህ ነው። በብረት ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ማግኔቶች አሉ ብለን እናስብ። እንደ ብዙ ጥማድ በሬ ቁጠሯቸው። በሬዎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወዳንድ አቅጣጫ ካዞሩ ኃይላቸው ይደመራል። አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ምዕራብ ከጎተተ ግን ድካም ብቻ ነው። ሙቀት ሲበዛ የጥቃቅኖቹ ሰልፍ ይፈርሳል። ለብረት ይህ የሚሆነው በ770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ሲቀዘቅዝ ሰልፉ ይመለሳል።

ቀጥቃጩ «እኔ ስንት ዘመን ብረት ሳግል ይህን ማን ነገረኝ!» አሉ። ቀጥሎም ብረት በምን ዓይነት መልክ ሲቀላ ለመቀጥቀጥ እንደሚመች፣ መቼ ውኃ ውስጥ እንደሚነከር አስረዱን። ያን ቀን አስተማሪው እርሳቸው ነበሩ፤ እኛ ደብተራችንን አውጥተን ጻፍን። ይህን ሙከራ ግን ልጆች ብቻቸውን አያድርጉት። እሳቱን የሚይዘው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ሙከራ 4፦ መርፌው መንገድ ያሳያል

መርፌን በማግኔት በአንድ አቅጣጫ ብቻ አርባ ወይም ኀምሳ ጊዜ እሹት። ወደ ፊት ብቻ እንጂ ወደ ኋላ አትመልሱት። ይህን ስታደርጉ ጥቃቅኖቹን በሬዎች ወዳንድ አቅጣጫ ታሰልፏቸዋላችሁ። መርፌውም ራሱ ማግኔት ይሆናል። አሁን በሸክላ ጣባ ውኃ ሙሉ። መርፌውን በደረቅ ቅጠል ላይ አድርጋችሁ ውኃው ላይ አንሳፉት። ማግኔቱን ወዲያ አርቁት። ቅጠሉ ይዞርና ይቆማል። ብታዞሩትም ወደ ቦታው ይመለሳል። የመርፌው አንዱ ጫፍ ወደ ሰሜን፣ ሌላው ወደ ደቡብ ነው።

እውነት መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ጠዋት ፊታችሁን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሩ። በግራችሁ ሰሜን፣ በቀኛችሁ ደቡብ ነው።

መርፌውን የሚያዞረው ማን ነው? መሬት ራሷ ትልቅ ማግኔት ስለሆነች ነው። ይህን በመጽሐፍ ያስረዳው ዊልያም ጊልበርት የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር። መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1600 ነው። ከእርሱ ብዙ ዘመን በፊት ቻይናውያን እንዲህ ባለ መርፌ አቅጣጫ ያውቁ ነበር። የባሕር ተጓዦችም ሰማዩ ሲደምን መንገዳቸውን በእርሱ ይለዩ ነበር።

ማግኔቱና መብራቱ

«ይህ ጨዋታ ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1831 ማይክል ፋራዴይ የሚባል የአንጥረኛ ልጅ አንድ ነገር አገኘ። አዎ፣ የብረት ሠራተኛ ልጅ ነው። ማግኔት በመዳብ ሽቦ ጥቅል ውስጥ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አሳየ። የብስክሌት ዲናሞ የሚያበራው በዚህ ዘዴ ነው። ትልልቆቹ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችም እንዲሁ ናቸው። ከቆቃ ግድብ ጀምሮ እስከ ዓባይ ግድብ ድረስ ውኃው የሚያዞረው መሣሪያ ማግኔትንና የመዳብ ሽቦን አጠገብ ለአጠገብ ያሽከረክራል። መብራቱ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ማግኔት ለከብትም ይጠቅማል። ላም ስትግጥ ምስማር ወይም የሽቦ ቁራጭ ልትውጥ ትችላለች። ብረቱ ሆዷን ወግቶ ወደ ልቧ ሊደርስና ሊገድላት ይችላል። በአንዳንድ አገሮች የእንስሳት ሐኪሞች ለዚህ የተሠራ ለስላሳ ማግኔት ላሟን ያስውጧታል። ብረቱ ከማግኔቱ ጋር ተጣብቆ በሆዷ ይቀመጣል፤ አይወጋትም። ይህ የሐኪም ሥራ ስለሆነ በራሳችሁ አትሞክሩት። ይልቁንስ በክር የታሰረ ማግኔት በከብቶች መዋያና በአውድማ ላይ እየጎተታችሁ የወደቀውን ምስማር ልቀሙ። ይህን ልጆችም ሊያደርጉት ይችላሉ።

ተጠንቀቁ!

ትንንሽ ማግኔት ለሕፃን አትስጡ። ሕፃን ሁለት ማግኔት ቢውጥ በአንጀት ውስጥ ሆነው ይሳሳባሉ። አንጀቱንም መካከላቸው ጨምቀው ይበሱታል። ይህ ይገድላል። ልጅ ማግኔት ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሆዴን እስኪል አትጠብቁ። ያኔውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሐኪሙንም «ማግኔት ነው የዋጠው» በሉት። ማግኔትን ከስልክና ከባንክ ካርድም አርቁ።

በመጨረሻ

ከዚያ በኋላ ማታ ለትምህርት ስንሰበሰብ የቀጥቃጩ ልጅ ከሌሎቹ ልጆች መካከል ተቀምጣ አየናት። ማንም ና ተቀመጪ አላላትም፤ ማንም ሂጂ አላላትም። እንዴት ብረት እንደሚግል ይጠይቋት ነበር።

የራዲዮው ባለቤትም ወደ እኛ መጥተው «አሁን ልጄ ሲጠይቀኝ የምለውን አውቃለሁ» አሉን። «ምን ይሉታል?» ብንላቸው «እስቲ ይዘኸው ና፣ አብረን እንሞክረው እለዋለሁ» አሉ።

እስቲ መልሱ

1. ማግኔት ከሚስባቸው ነገሮች ሦስቱን ጻፉ።
2. በቤታችሁ ካለው ዕቃ የትኛው ይሳባል? የትኛው አይሳብም? መጀመሪያ ግምታችሁን ጻፉ፤ ከዚያ ሞክሩ።
3. ብረት በጣም ሲግል ለምን አይሳብም? በራሳችሁ ቃል ለልጃችሁ አስረዱ።
4. ልጅ ማግኔት ቢውጥ ምን ታደርጋላችሁ?