የልጆች የስኳር በሽታ በብርድ ወራት የሚበዛው ስለ ምንድን ነው?

ልጁ በድንገት የታመመበት ወላጅ ከሐኪም ፊት ሲቆም፥ አስቀድሞ በልቡ የሚመላለሰው ጥያቄ «ምን በድዬ ይኾን?» የሚል ነው። እናቲቱ ባለፈው ሳምንት ልጅዋን በብርድ ያለ ካፖርት መስደድዋን፥ አባትየው ለበዓል ከረሜላ መግዛቱን እያስታወሱ ራሳቸውን ይወቅሳሉ። ከረሜላው አንደኛውን ዓይነት የስኳር በሽታ እንደማያመጣ የታወቀ ነው። የብርዱ ነገር ግን ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልገዋል።

በሽታው በማናቸውም ወር ሊገለጥ ቢችልም፥ ወራቱ ኹሉ እኩል አይደሉም። አዳምስ የተባለው የአሜሪካ ሐኪም የ1,000 ሕሙማንን መዝገብ መርምሮ፥ የሕመሙ መጀመሪያ ከወቅት ጋራ እንደሚያያዝ በ1926 ዓ.ም. ጻፈ። (ዘመኑን ኹሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ከ1990 እስከ 1999 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ በ53 አገሮች በሚገኙ 105 ጣቢያዎች የሕፃናት ቍጥር ሲመዘገብ፥ በ42ቱ የወቅት ልዩነት በግልጥ ታየ። ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች ልዩነቱ ይጐላል፤ በስተደቡብ ያሉት አገሮች ብርዳቸው በሰኔና በሐምሌ ስለ ኾነ፥ ቍጥሩም ከወራቸው ጋራ ይገለበጣል። የብርድ ወራት ስንል አንባቢዎቻችን የእኛን ዝናማም ክረምት እንዳያስቡ እናሳስባለን፤ የምንናገረው ስለ በረዶውና ስለ አጭሩ ቀን ነው።

በዚህ በሽታ ብዛት ከዓለም ኹሉ የምትቀድመው ፊንላንድ ናት። በዚያ አገር በበልግና በብርድ ወራት የሚታመሙት ልጆች በሙቀቱ ወራት ከሚታመሙት ይበልጣሉ። ምክንያቱን አንዳንዶች ከፀሐይ ማነስ ጋራ ያያይዙታል፤ ነገር ግን ፀሐይ የጠገበችው የጣልያን ደሴት ሳርዲንያም ከፍተኛ ቍጥር ካላቸው አገሮች አንድዋ ስለ ኾነች፥ ፀሐይ ብቻዋን መልስ አትኾንም። በብርድ ጊዜ የሚበዛው ጉንፋንና ሌላው ተላላፊ ሕመም ግን የሰውነትን የኢንሱሊን ፍላጎት ከፍ እንደሚያደርግ የተረጋገጠ ነው።

እዚህ ላይ ወላጆች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። በፊንላንድ በቱርኩ፥ በታምፔሬና በኦሉ ከተሞች ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ለበሽታው የተጋለጡ ሕፃናት ከተወለዱ ጊዜ አንሥቶ ደማቸው እየተመረመረ ይጠበቃሉ። በዚህም ሰውነት ኢንሱሊን የሚሠራውን የቆሽት ክፍል በራሱ ማጥቃት የሚጀምረው፥ ጥማት ከመታየቱ ከብዙ ወራት፥ አብዛኛውን ጊዜም ከዓመታት በፊት መኾኑ ታወቀ። ምስጥ ውስጡን የበላው ምሰሶ በመጀመሪያው ብርቱ ነፋስ ይወድቃል፤ ነፋሱን የሚያየው ሰው ምስጡን አላየም። እንዲሁም ያለ ካፖርት የወጣው ልጅ በዚያ ቀን አልታመመም፤ እናቱም በደለኛ አይደለችም።

ከዚህ የባሰ የሚያሳስበን በሙቀት ወራት የሚታመመው ልጅ ነው። በብርድ ጊዜ ውሃ አብዝቶ የሚጠጣ ልጅ ፈጥኖ ዓይን ይስባል፤ በሙቀት ጊዜ ግን «ሙቀቱ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ልጁ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት ሲነሣ፥ መኝታውን ማርጠብ ትቶ ሳለ እንደ ገና ሲጀምር፥ እየበላ ሲከሳ፥ ነገሩ የአየር ጠባይ ሊኾን አይችልም። ቢዘገይ ደሙ በአሲድ ተበላሽቶ ትንፋሹ ይፈጥናል፥ ያስታውከዋል፥ ራሱንም ይስታል።

በጣልያን አገር በፓርማ አውራጃ በ1991 ዓ.ም. ስለ መኝታ ማርጠብ የሚናገር ሥዕል ያለበት ማስታወቂያ በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ሐኪሞች ዘንድ ተሰቀለ። ቀድሞ ከ100 አዲስ ታማሚ ልጆች 78ቱ ደማቸው ተበላሽቶ ይደርሱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ቍጥሩ ወደ 12 ያህል ወረደ። አንድ ወረቀት ይህን ያህል ማድረጉ እኛንም አስደንቆናል።

ምርመራው ከጣት ጫፍ በምትወሰድ አንዲት የደም ጠብታ ይፈጸማል፤ ውጤቱም ወዲያው ይታወቃል። ከ1922 ዓ.ም. በፊት ቢታወቅም መድኃኒት አልነበረም። በዚያው ዓመት በጥር ወር በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ የ14 ዓመት ልጅ ሊዮናርድ ቶምፕሰን ለሞት ቀርቦ ሳለ ከሰዎች ኹሉ አስቀድሞ ኢንሱሊን ተወጋ፤ ከዚያም በኋላ 13 ዓመት ኖረ።