ጋላፓጎስ፦ አዳር በመርከብ ወይስ በየብስ?

(ሞገድ ከድንጋይ ጋር ሲላተም ይሰማል፤ የትንሽ ጀልባ ሞተር ይነሣል።)

ተራኪ፦ ከኢኳዶር ጠረፍ ወደ ምዕራብ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ በምድር ወገብ ላይ፣ እሳተ ገሞራ የወለዳቸው ደሴቶች አሉ። ጋላፓጎስ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከላሊበላና ከሰሜን ተራሮች ጋር አብረው ተመዝግበዋል። ወደዚያ ለመሄድ ያሰበ ሰው ትኬት ከመቁረጡ በፊት አንድ ነገር መወሰን አለበት፤ አዳሩ በትንሽ መርከብ ላይ ይሁን ወይስ በከተማ ሆቴል?

እዚህ የመርከቡን ትንሽነት የሚወስነው ሕግ ነው። ከ100 በላይ መንገደኛ የያዘ የጉብኝት መርከብ በደሴቶቹ መካከል እንዲዘዋወር አይፈቀድም፤ ብዙዎቹ የሚይዙት 16 ሰው ብቻ ነው። አንድ አስጎብኚ በአንድ ጊዜ መምራት የሚችለው ከ16 ያልበለጠ ሰው ስለሆነ፣ በእነዚህ መርከቦች ያለው እንግዳ ሁሉ አብሮ ወርዶ አብሮ ይመለሳል።

የመርከብ ጥቅም የሚታየው ሌሊት ነው። እንግዶቹ ተኝተው ሳለ ካፒቴኑ ሲጓዝ ያድራል፤ ሲነጋ ሰው የማይኖርበት ሌላ ደሴት ፊታቸው ነው። ምዕራብ ያለችው ፈርናንዲና ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። በጥቁሩ የላቫ ድንጋይ ላይ የባሕር ኢጓናዎች ተደራርበው ፀሐይ ይሞቃሉ። አጠገባቸው መብረር የተወው ኮርሞራንት ያጠሩ ክንፎቹን ዘርግቶ ያደርቃል። ይህ ወፍ በዓለም ላይ ከፈርናንዲናና ከጎረቤቷ ከኢዛቤላ ዳርቻዎች በቀር የትም አይገኝም። በሰሜን ምሥራቅ ደግሞ ቡቢ የተባሉ ቀይ እግር ያላቸው የባሕር ወፎች የሚፈለፈሉባት ጄኖቬሳ አለች። ሁለቱም ከከተማ ተነሥቶ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚኬድባቸው አይደሉም። እነሱን ሊያይ የቋመጠ ሰው መርከብ ይሳፈር።

ግን የትኛውን? የጋላፓጎስ ብሔራዊ ፓርክ ደንብ አንድ መርከብ በ14 ቀን ውስጥ አንድን ስፍራ ደግሞ እንዳይጎበኝ ስለሚከለክል፣ ያው መርከብ አንዱን ሳምንት በአንድ መስመር፣ ቀጣዩን በሌላ ይጓዛል። ስለዚህ ስለ ካቢኑ ስፋትና ስለ ምግቡ ከመጠየቅ በፊት የሚጎበኙትን ደሴቶች በስም ማወቅ ይበልጣል። አልባትሮስ የተባለውን ወፍ ማየት የሚፈልግ ኤስፓኞላ ደሴትን የሚነካ መስመር ይምረጥ፤ ያውም ከሚያዝያ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ። ከዚያ ውጭ ወፎቹ ውቅያኖስ ላይ ናቸው።

(ነፋስ።)

ባሕሩም የራሱ ጠባይ አለው። ከሰኔ እስከ ኅዳር የሃምቦልት ጅረት ውሃውን ያቀዘቅዘዋል፤ ሰማዩ ይዳምናል፣ ያካፋል። በነሐሴና በመስከረም ሞገዱ ይበረታል፤ ትንሽ መርከብ ደግሞ ከትልቅ ይልቅ ይናወጣል። እ.ኤ.አ. በ1835 እዚህ የደረሰው ቻርለስ ዳርዊን እንኳ በቢግል መርከብ ባሳለፋቸው ዓመታት ባሕር እያጥወለወለው ተሠቃይቷል።

በየብስ ማደርስ? በሳንታ ክሩዝ ደሴት፣ በፖርቶ አዮራ ከተማ ያረፈ እንግዳ ቀኑን በራሱ ፈቃድ ያውላል። በእግሩ እስከ ዳርዊን የምርምር ጣቢያ ይሄዳል፤ ደጋው ላይ ግዙፍ ኤሊዎች ሣር ሲግጡ ያያል፤ ሲመሽ መንገድ ዳር የተጠበሰ ዓሣ ይበላል። የሚከፍለውም ገንዘብ እዚያው ለሚኖረው ሰው ይደርሳል። ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብና በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ማረፍ ለሚሻ ሰው የሚሻለው ይህ ነው። ከደሴት ደሴት ልሂድ ያለ ግን በፈጣን ጀልባ ሁለት ሰዓት ያህል እየተንገጫገጨ መጓዙ አይቀርለትም።

የቀን አቆጣጠሩም ማስተዋል ይጠይቃል። በመርከብ ጉዞ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን በከፊል በአውሮፕላን ማረፊያ መንገድ ያልቃሉ፤ አራት ቀን ተብሎ ከተሸጠ ጉዞ ሙሉ ሆነው የሚገኙት ሁለት ቀኖች ብቻ ናቸው። ወደ ምዕራብ ደሴቶች መሄድ የፈለገ ከስምንት ቀን ያላነሰ ቢይዝ ይሻለዋል። ያን ያህል ጊዜ ወይም ገንዘብ የሌለው ደግሞ ፖርቶ አዮራ አርፎ በቀን ጉዞ ቅርብ ያሉትን ደሴቶች ቢያይ፣ በአጭር የመርከብ ጉዞ ከሚያገኘው ያነሰ አያይም።