የአረጋውያን ዓይን በእርጅና ብቻ አይጠፋም

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት በምንወርድበት ሚኒባስ ውስጥ አንዲት እናት ለትራኮማ የሚታደለው ኪኒን ሴትን ያመክናል ሲሉ፣ ጎረቤታቸውም «ዓይንማ የሚጠፋው በእርጅና ነው፤ ኪኒን ምን ያደርጋል?» ብለው ሲደግፏቸው፣ ከኋላቸው የተቀመጡት አሮጊት በአንገታቸው ክር ካንጠለጠሉት ወረንጦ ጋር እየታገሉ በመስኮቱ ብርሃን የዓይናቸውን ፀጉር ይነቅሉ ነበርና ዝም ማለት አልተቻለኝም። ሁለቱም ነገር ሐሰት ነው።

መድኃኒቱ አዚትሮማይሲን ይባላል፤ ሰው በመለኪያ ዘንግ ቁመቱ ታይቶ በዓመት አንድ ጊዜ ይወስደዋል፤ ባክቴሪያ ይገድላል እንጂ ማሕፀን አያመክንም። ስለ በሽታው ስምም አንድ ነገር ልበል፤ ሕዝቡ የጠፋ ዓይንን ሁሉ «ሞራ» ይለዋል፤ ሞራ ግን የዓይን ውስጥ ሌንስ መደፍረስ ሲሆን፣ ትራኮማ ወይም የዓይን ማዝ ከቆቡ የሚጀምር ሌላ ደዌ ነው።

አካሄዱን ልብ ይሏል። ተሐዋሲው በዝንብ፣ በእጅና ፊት በተጠረገበት ነጠላ ከሕፃን ወደ ሕፃን ይጋባል፤ አንድ ጊዜ ቢይዝ ይድናል፤ ዳሩ ግን ዓመት በዓመት እየተመላለሰ ሲይዝ የላይኛው ቆብ ውስጡ ይቆስላል፣ ቁስሉ ጠባሳ ይሆናል፣ ጠባሳውም እሳት እንዳየ ቆዳ እየተኮማተረ የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ያን ጊዜ ለዓይን አጥር ይሆን ዘንድ የተፈጠረው ፀጉር ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑን ይፍቀዋል። ወረንጦ ለጥቂት ጊዜ ያሳርፋል፤ መልሶ የሚበቅለው ግን እንደ ታጨደ አገዳ ጫፉ ይወጋል። እናቶች ልጅ ሲያሳድጉ ደጋግመው ስለሚያዙ ጉዳቱ በሴቶች ላይ ይበረታል። በ1998 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ልጆች ከ100ው 62 በሚሆኑት ላይ ንቁ ትራኮማ አግኝቷል፤ የእነዚያ ልጆች እርጅና ገና ከፊታችን ነው።

የሕፃናትን ፊት ለማጠብ ስለሚያስፈልገው ውኃ ግን ጠንቀቅ ብዬ ልናገር ይገባኛል። በዋግ ኽምራ ለ3 ዓመት የተካሄደ ሙከራ የውኃ ጉድጓድ በተቆፈረባቸው፣ የንጽሕና ትምህርትም በተሰጠባቸው አካባቢዎችና ባልተሰጠባቸው መካከል፣ በሕፃናት ዓይን በሚገኘው ባክቴሪያ ረገድ ልዩነት አላየም፤ ስለዚህ ውኃ ብቻውን በሽታውን ያጠፋል የምንል ሰዎች ቃላችንን መመጠን አለብን። ሆኖም 3 ዓመት ለ40 ዓመት ጠባሳ አጭር ሚዛን ነው፤ ከጉድጓድ እስከ ሕፃኑ ፊት ያለውም መንገድ ረጅም ነው፤ እኔም ውኃው ይቅር አልልም፤ ኪኒኑ ይቅር ማለትን ግን ከቶ አልቀበልም።

ለአሮጊቷ ከመውረዳቸው በፊት የነገርኋቸውን ለአንባቢም እነግራለሁ፦ የተቀለበሰን ቆብ የሚያቃናው ቀዶ ሕክምና በሠለጠነ ነርስ እጅ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይፈጸማል፤ ከደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም የዓይን ሕክምና አለ። ብሌኑ አንዴ ከነጣ በኋላ ግን ቀዶ ሕክምናው ቆቡን እንጂ ብርሃኑን አይመልስምና፣ በቤትዎ ወረንጦ ያንጠለጠለች እናት ካለች ሳይዘገይ ይውሰዷት።