ቃርን የሚያበርደው ተልባ

ሉማሜ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኝ የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እንደ አብዛኛው የምሥራቅ ጎጃም ሕዝብ ሁሉ የዚህ አካባቢ ሰው ምግቡ የጤፍ እንጀራ፣ ወጡ በርበሬ የበዛበት፣ ጾሙም ጠንካራ ነው። ሁዳዴን ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ ፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ዶሮ ወጡ ከመቅረቡ በፊት በብዙ ቤት ተልባ ይቀድማል። ቅቤና ሥጋ የረሳ ሆድ በአንድ ጊዜ እንዳይደነግጥ ነው። ያው ተልባ ከበዓል ውጭም ሥራ አያጣም፤ ቃር ያስቸገረው ሰው መጀመሪያ የሚመከረው እሱን ነው።

ይህ ምክር መሠረት አለው። መሠረቱን ለመረዳት ቃር እንዴት እንደሚነሣ ማየት ያስፈልጋል።

ጨጓራ ምግብ ለመፍጨት ኃይለኛ አሲድ ያመነጫል። የራሱን ግድግዳ ከዚህ አሲድ የሚጠብቅበት ወፍራም ዝልግልግ ሽፋን አለው። ምግብ ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ የሚያወርደው ቧንቧ ግን እንዲህ ያለ መከላከያ የለውም። ቧንቧውና ጨጓራው በሚገናኙበት ቦታ ቀለበት የመሰለ ጡንቻ አለ፤ ምግብ ሲወርድ ይከፈታል፣ ከዚያም ይዘጋል። ጡንቻው ሲላላ ወይም ጨጓራ ከልክ በላይ ሲሞላ አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል። ከደረት አጥንት ጀርባ የሚያቃጥለው፣ አንዳንዴም በግሳት አፍ ድረስ የሚመጣው ጎምዛዛ ውሃ ይኸው ነው። በእርግዝና ወራት ቃር የሚበረታውም ማሕፀን ጨጓራን ስለሚጫንና ሆርሞን ጡንቻውን ስለሚያላላው ነው።

ተልባ ከኢትዮጵያ ነባር ሰብሎች አንዱ ነው። የሩሲያው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ ዘር ከሰበሰበ በኋላ፣ አገሪቱን ልዩ ልዩ የተልባ ዓይነቶች ከሚገኙባቸው የዓለም ማዕከላት ጋር መድቧታል። አውሮፓ ተልባን ለበፍታ ክር ጭምር ሲዘራ ኖሯል፤ የኢትዮጵያ ገበሬ የሚዘራው ለፍሬው ነው። ፍሬው ተለቅሞ በብረት ምጣድ ይታመሳል፤ መንጣጣት ሲጀምር ይወጣና ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በውሃ ይበጠበጣል። ለጨጓራ የሚጠጡት ሰዎች ሌላም መንገድ ይከተላሉ፦ ፍሬውን ሳይፈጩ በፈላ ውሃ ዘፍዝፈው ያሳድሩና ጠዋት ውሃውን አጥልለው ይጠጣሉ።

ዝልግልጉ የሚወጣው ከፍሬው ልባስ ነው። ውሃ ሲነካው ያብጥና ወፍራም ፈሳሽ ይሆናል፤ ሲዋጥም በተቆጣው ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ ለተወሰነ ጊዜ ያለሰልሰዋል። የአሲዱን መመንጨት አያቆምም፣ የላላውን ጡንቻም አያጠብቅም። ስለዚህ ተልባ የጠጣ ሰው ቃሩ ቢበርድለት ትክክል ነው፤ ቃሩ ነገ ቢመለስበትም የተልባው ጉድለት አይደለም።

አብሽ የተልባ ወንድም ነው ማለት ይቻላል። ማታ ይዘፈዘፋል፤ መራራው ውሃ ደጋግሞ ይደፋል፤ ከዚያ አረፋ እስኪያወጣ ይመታል። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ አነስተኛ የአሜሪካ ጥናት፣ ቃር የሚደጋገምባቸው ሰዎች የአብሽ አሰር ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት በቀን ሁለት ጊዜ ለሁለት ሳምንት እንዲወስዱ አድርጎ ነበር። ያገኙት እፎይታ በጊዜው በሰፊው ይሸጥ ከነበረው ራኒቲዲን የተባለ መድኃኒት ጋር የሚቀራረብ ሆነ። አንድ ትንሽ ጥናት ሁሉን አያረጋግጥም፤ ሆኖም የጎጃም እናቶች በልምድ የያዙትን ነገር ወደ መመዘኛ ያቀረበ ሥራ ነው።

ሕንዶችም አብሽን ያውቁታል። አዩርቬዳ የተባለው ጥንታዊ ሕክምናቸው ቃርን «አምላፒታ» ይለዋል፤ ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የማድሃቫ የበሽታዎች መጽሐፍ ለብቻው ምዕራፍ ሰጥቶታል። አዩርቬዳ በሽታውን የሰውነት ሙቀት መብዛትና መኮምጠጥ አድርጎ ስለሚያየው፣ ማብረጃዎቹን ከሚያቀዘቅዙ ነገሮች ይመርጣል፦ አምላ የተባለው ፍሬ፣ ጣፋጩ የሊኮሪስ ሥር፣ ድምብላል፣ እንስላል። ድምብላልና እንስላል ለጎጃም ጓዳም እንግዳ አይደሉም። ከምግብ በኋላ ጥቂት የእንስላል ፍሬ ማኘክ በሕንድ የተለመደ ነው። ሊኮሪስ ግን ሲበዛ የደም ግፊት ስለሚጨምር ግፊት ያለበት ሰው ሊጠነቀቀው ይገባል። በፋብሪካ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውም ሁሉ አይታመንም፤ በ2004 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቦስተን አካባቢ ከሱቅ ከተገዙ 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች በ14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከሕንድ ሱቅ ቅመሙን ቢገዙ ያዋጣቸዋል፤ ምንነቱ የማይታወቅ ክኒንና ዱቄት ግን ቢቀርባቸው ይሻላል።

ለቃር ይረዳሉ ተብለው የሚወሰዱ፣ ነገር ግን የሚያባብሱም አሉ። ናና ሆድ ቢያቀልም ያንን ቀለበት ጡንቻ ያላላዋል። አምቦ ውሃ አሲድ የሚያረክስ ባይካርቦኔት ቢኖረውም፣ ጋዙ ጨጓራን ነፍቶ አሲዱን ወደ ላይ ይገፋል። ወተት ሲጠጡት ያበርዳል፤ ቆይቶ ግን ጨጓራን ለተጨማሪ አሲድ ይቀሰቅሰዋል። የአጃ አጥሚት ቅባትና በርበሬ ስለሌለበት ከሁሉም ይልቅ ለታመመ ሆድ ይስማማል።

ከሚጠጣው በላይ የሚጠቅመው ግን የአበላል ልማድ ነው። ቀኑን ሙሉ ጾሞ የዋለ ሰው ማታ ጠግቦ በልቶ ወዲያው ሲተኛ ሙሉ ጨጓራው ይጋደማል፤ አሲዱም መንገድ ያገኛል። እራትን ከመኝታ ሦስት ሰዓት ያህል ማስቀደም፣ ጾም ሲፈታ ጥቂት በልቶ ቆይቶ መድገም፣ የአልጋውን ራስጌ በእንጨት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ሌሊት የሚነሣውን ቃር በእጅጉ ይቀንሰዋል። በግራ ጎን መተኛትም ይረዳል፤ ጨጓራ በግራ በኩል ስለሚንጠለጠል አሲዱ ከቧንቧው በታች ይቀራል። አዩርቬዳም ከምግብ በኋላ በግራ ጎን ማረፍን ይመክራል።

ቃርና የጨጓራ ቁስለት ግን ሁለት የተለያዩ ሕመሞች ናቸው። የአውስትራሊያ ሐኪሞቹ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ብዙ የጨጓራ ቁስለት ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ በተባለ ባክቴሪያ እንደሚመጣ አሳይተው በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታሞ ነበር ያስረዳው። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ከተመረመሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ይህን ባክቴሪያ ይዘው ተገኝተዋል። እሱን ተልባም አብሽም አያጠፉትም፤ በሰገራ ምርመራ ታውቆ በፀረ ተሕዋስያንና አሲድ በሚቀንስ መድኃኒት ይታከማል።

የሚበላው ሲያንቀው፣ ያለ ምክንያት ሲከሳ፣ ደም ሲያስመልሰው ወይም ሰገራው ሲጠቁር ሰው ማብረጃ እየጠጣ መቆየት የለበትም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚዘልቅ የደረት ሕመም የልብ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት መታየት ያስፈልገዋል። ሐኪሙ ፊት የሚቀርብ ሰው በቤቱ ተልባና አብሽ እንደሚጠጣ ቢናገር መልካም ነው። ዝልግልጉ ተልባ ሌላ መድኃኒት ወደ ሰውነት መግባቱን ስለሚያዘገይ በሁለቱ መካከል ሁለት ሰዓት ያህል ማራራቅ ይገባል። አብሽ ደግሞ የደም ስኳር ስለሚያወርድ፣ የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስናል፤ ነፍሰ ጡር ሴትም አብዝታ አትጠጣውም።