ለሚቆፍር እንስሳ የሚነጠፍ አሸዋ

ቀይ ባሕር ውስጥ አሸዋ በበዛበት ወለል ላይ አንድ ሽሪምፕና ጎቢ የምትባል ትንሽ ዓሣ በአንድ ጉድጓድ ይኖራሉ። ሽሪምፑ ይቆፍራል፤ ዓሣዋ ደጅ ላይ ሆና ትጠብቃለች። የሽሪምፑ ዓይን ደካማ ስለሆነ ከጉድጓዱ ሲወጣ አንቴናውን ከዓሣዋ ገላ አያነሳም። አደጋ ስታይ ጭራዋን ታርገበግባለች፤ እሱም ወዲያው ወደ ውስጥ ይመለሳል። እንዲህ ከሚኖሩት ሽሪምፖች አንዱ በሳይንስ ስሙ አልፊየስ ጅቡቴንሲስ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከጎረቤታችን ከጅቡቲ ነው።

እኔም እነዚህን ሁለቱን ቨርጂኒያ ባለው ቤቴ፣ 80 ሊትር በምትይዝ የኮራል አኳሪየም ውስጥ አኖራለሁ። እንዲህ ያለ ገንዳ የሚያቋቁም ሰው መብራቱን፣ ፓምፑንና ጨዉን አጣርቶ ይገዛል። አሸዋው ጋ ሲደርስ ግን ዓይኑ የወደደውን ቀለም አንስቶ ይወጣል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ለሚቆፍር እንስሳ አሸዋው ግድግዳውም ጣሪያውም ነውና።

ዓይነቱ ብዙ አያከራክርም። ከካልሲየም ካርቦኔት የሆነው፣ በገበያ አራጎናይት የሚባለው ይሁን። የወንዝ አሸዋ አፈርና የብረት ቅንጣት ሊኖረው ስለሚችል ለግንባታ ይቆይ። አራጎናይት ካለ የውሃው ፒኤች አይወርድም ብለው የሚዘናጉ አሉ፤ በጤናማ የባሕር ውሃ ውስጥ ግን ይህ አሸዋ እምብዛም አይሟሟም። መለካታችሁን አትተዉ።

ትልቁ ስሕተት ያለው የፍሬው መጠን ላይ ነው። «ለሚቆፍር እንስሳ ድቃቁን ውሰድ፣ ይለሰልስለታል» ይባላል፤ እኔም ከአንድ ሱቅ ይህንኑ ሰምቼ፣ እንደ ስኳር የላመ፣ ፍሬው ሁሉ እኩል የሆነ ነጭ አሸዋ አነጠፍኩ። ሽሪምፑ በገባበት ሌሊት ቆፈረ፤ ጠዋት ጉድጓዱ የለም። በማግስቱም ቆፈረ፤ ተናደበት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እንዲህ ሲለፋ አየሁ። ዓሣዋም መግቢያ አጥታ ፓምፑ ጀርባ ተወሸቀች።

ቤት ያሠራ ሰው ምክንያቱን ሳይነገረው ያውቀዋል። ኮንክሪት ያለ ጠጠር አይሞላም። የድንጋይ ግንብ የሚሠራ ግንበኛም በትልልቆቹ መካከል ትንንሽ ድንጋይ ይሸጉጣል። ፍሬው እኩል የሆነ ድቃቅ አሸዋ የሚደገፍበት ነገር ስለሌለው ከሥሩ ሲነካ ይፈስሳል።

በአሥረኛው ቀን ሻካራ አሸዋ፣ ከጥፍር የማይበልጥ የኮራል ስብርባሪና የዛጎል ቁራጭ ጨመርኩ። ማታ መብራቱን አጥፍቼ በቀይ የእጅ ባትሪ ተመለከትኩ። ሽሪምፑ ሁለት መቆንጠጫዎቹን አጋጥሞ እንደ ቡልዶዘር አሸዋውን እየገፋ ያወጣል። አንዲት የዛጎል ቁራጭ ጋ ሲደርስ ቆመ። ያዛት፤ ጎተታት፤ ትንሽ አዞራትና ከደጃፉ በላይ አጋደማት። ከዚያ አሸዋ ደፋባት። ወደ ውስጥ ገባ፣ ቆየ፣ ሌላ ስብርባሪ ሊወስድ ወጣ። ስነቃ ጣሪያው እንደቆመ ነበር። ዓሣዋም ጭንቅላቷን አውጥታ ደጁ ላይ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ የማነጥፈው አንድ ዓይነት ድብልቅ ነው፦ ከ0.5 እስከ 1.5 ሚሊሜትር የሆነ አሸዋ ሁለት እጅ፣ ከ2 እስከ 5 ሚሊሜትር የሆነ አንድ እጅ፣ በላዩ ሁለት እፍኝ ስብርባሪ። ሻካራው ብቻ ከሆነ ደግሞ ቆሻሻ በመሃሉ ይጠራቀማል። ጥልቀቱ ከ6 እስከ 8 ሴንቲሜትር ይበቃል። ወለሉ 60 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ ገንዳ 8 ሴንቲሜትር ለመሙላት 14 ሊትር ተኩል ያህል፣ በክብደት ወደ 20 ኪሎ አሸዋ ይፈልጋል። በአንድ ትንሽ ከረጢት ወለሉን አልብሳችሁ ቆፋሪ እንስሳ አትግዙ። በካሪቢያን የሚኖረው፣ ማታ ማታ የጉድጓዱን አፍ በድንጋይ ወይም በዛጎል የሚዘጋው ቢጫ ራስ ጆውፊሽ ደግሞ ከ12 እስከ 15 ሴንቲሜትር ይፈልጋል።

ገንዳው ውስጥ የሚደረደረው ድንጋይ መጀመሪያ የወለሉ መስተዋት ላይ ይረፍ፤ አሸዋው በኋላ ዙሪያውን ይፍሰስ። አሸዋ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ሥሩ ሲቆፈር ይወድቃል፣ ቆፋሪውንም ይጨፈልቃል። ይህን እየሰሙ ገንዳው ቶሎ እንዲያምርላቸው ቅደም ተከተሉን የሚገለብጡ ሰዎችን ልታዘባቸው እገደዳለሁ። በየቅዳሜው አሸዋውን በማንኪያ የሚያስተካክሉትም እንዲሁ የሰው ቤት እያፈረሱ ነው።

ሽሪምፑ ቅርፊቱን ሲለውጥ ለቀናት ሊሰወር ይችላል። ሞተ ብላችሁ ድንጋይ አታንሱ። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ጆሯችሁን ወደ መስተዋቱ አስጠጉ፤ ትልቁን መቆንጠጫውን ሲያስጮህ፣ ቋ ሲል ይሰማችኋል።