ማስመስከር ውዳሴ ከንቱ አይደለም
ሥራ ለሚፈልጉ ልጆቻችንና ለወላጆቻቸው

በአገራችን የቆየ ልማድ አንድ እንግዳ ደብተራ ወደ ደብር በመጣ ጊዜ አለቃውና ካህናቱ የሚጠይቁት የታወቀ ነው። ከወዴት መጣህ? ከማን ተማርህ? ምን ምን ዘለቅህ? ማንስ ይመሰክርልሃል? ይሉታል። እንግዳውም ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፥ ነገር ግን ሳያፍር፥ ቅኔውን በዋድላ ወይም በዋሸራ እንደ ተማረ፥ ድጓውን በቤተ ልሔም እንዳስመሰከረ፥ ዝማሬ መዋሥዕቱን በዙር አምባ እንደ ዘለቀ ከነመምህሩ ስም ይናገራል። ከዚያም በኋላ በማኅሌቱ ቆሞ ይፈተናል። ያን ሰው «ራሱን አመሰገነ» ብሎ የነቀፈው የለም። ሙያውን ደብቆ ዝም ቢል ግን ሊቅ ሆኖ ሳለ ከደጀ ሰላሙ እንደ መጣ ይመለሳል።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ልጆቻችን ሥራ ሲፈልጉ የሚጠየቁት ያው ጥያቄ ነውና። የተለወጠው ጠያቂው ያለበት ቦታ ነው። ጠያቂው በአዲስ አበባ ወይም በናይሮቢ ወይም በዱባይ ተቀምጦ መልሱን በኢንተርኔት ያነባል።

ከላላና መካነ ሰላም ከደሴ በስተ ምዕራብ፥ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘነብለው ደጋ ላይ የሚገኙ አገሮች ናቸው። ርቀታቸው ለትምህርት እንቅፋት ሆኖ አያውቅም። የአባ ጊዮርጊስ ገዳም ጋስጫ በዚያው በቦረና ነው። መጽሐፈ ምሥጢርንና ሰዓታትን የደረሱት አባት ስማቸው ከዚያ ተራራ ወርዶ በመላው ኢትዮጵያ የታወቀው በጻፉት ነው። በዘመናችንም መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ካምፓስ ስላለው፥ የአገሩ ልጅ ከቤቱ ብዙ ሳይርቅ ለምረቃ መብቃት ችሏል።

ነገር ግን ከምረቃው በኋላ ያለው መንገድ ቀላል አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ለመመረቅ የመውጫ ፈተናን ማለፍ አለበት። ይህን ሁሉ አልፎ ወደ ቤቱ የተመለሰው ልጅ ደግሞ በሬ ሸጠው ያስተማሩትን ወላጆቹን ዓይን ዓይናቸውን ማየት ይከብደዋል። እነርሱም ይጨነቃሉ። ከዚያም ለመሳፈሪያና ለአልጋ የሚሆን ገንዘብ ተበድሮ ወደ ደሴ፥ ወደ ኮምቦልቻ፥ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። በአራት ኪሎ ጋዜጣ በኪራይ እያነበቡ የሥራ ማስታወቂያ የሚለቅሙትን ወጣቶች ያላየ የለም። ይህን ድካም አንንቅም፤ ዛሬም በማስታወቂያ ሰሌዳና በጋዜጣ የሚቀጥር መሥሪያ ቤት አለ። ነገር ግን ብዙ ቀጣሪዎች ሠራተኛቸውን ራሳቸው እየፈለጉ ነውና፥ ልጃችን በሚፈለግበት ቦታ ስሙ ሊገኝ ይገባል።

ለዚህ ሥራ ከተዘጋጁት ዋናው ሊንክድኢን የሚባለው ነው። ይህም በአሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ሥራ የጀመረ፥ በ2016 ማይክሮሶፍት በ26.2 ቢሊዮን ዶላር የገዛው፥ በ2023 የአባላቱ ቍጥር ከአንድ ቢሊዮን ያለፈ የሙያተኞች መገናኛ ነው። አባል የሚሆነው ሰው ያለ ክፍያ የራሱን ገጽ ያወጣል፤ ስሙን፥ ትምህርቱን፥ የሠራውን፥ የሚችለውን ይጽፍበታል፤ የሚያውቁትም ይመሰክሩለታል።

እዚህ ላይ ግን ልጆቻችንን የሚያስቸግር አንድ ነገር አለ። በጨዋ ቤት ያደገ ልጅ ስለ ራሱ መናገር ነውር እንደ ሆነ ሲሰማ ኖሯል። አስተዳደጉም መልካም ነው፤ ሊፈርስ አይገባውም። ስለዚህም ገጹን ሲከፍት ከሁለት ስሕተት በአንዱ ይወድቃል። አንዱ አፍሮ ስሙንና «ሥራ ፈላጊ» የሚለውን ቃል ብቻ ጽፎ ይተወዋል። ሌላው ከሰው ገልብጦ «ታታሪ፥ ብቁ፥ ባለ ራእይ፥ ውጤታማ» እያለ ይደረድራል። የመጀመሪያው ያለውን መክሊት መቅበር ነው፤ ሁለተኛው ውዳሴ ከንቱ ነው። አንባቢው ከሁለቱም የሚያገኘው ነገር የለም።

መካከለኛው መንገድ ማስመስከር ነው። በሒሳብ አያያዝ ተመርቃ ገና ደመወዝ ያልበላችበትን አንዲት ልጅ እናስብ። «ምንም የሥራ ልምድ የለኝም» ትላለች። ነገር ግን የሰንበት ትምህርት ቤቱን ገንዘብ ሁለት ዓመት የያዘች እርሷ ናት። እንግዲህ «ጎበዝ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ» በማለት ፈንታ እንዲህ ትጻፍ፦ «የሰንበት ትምህርት ቤታችንን የገቢና የወጪ መዝገብ ለ2 ዓመት ያዝሁ፤ በየወሩ ከደረሰኝ ጋር አመሳክሬ ለጉባኤው አቀረብሁ።» በዚህ ቃል ውስጥ አንድም ምስጋና የለም፤ የተሠራው ሥራ ብቻ ተነግሯል። ትሑት ሰው ሊጽፈው ይችላል፤ ቀጣሪም ጠይቆ ሊያረጋግጠው ይችላል። የእድር ጸሐፊነትም፥ በክረምት ልጆችን ማስተማርም፥ የአባትን ሱቅ መዝገብ መያዝም ያለ ደመወዝ የተሠሩ ቢሆኑ ሥራ ናቸው። ያልሠሩትን መጨመር ግን ሐሰት ነው፤ ለጊዜው በር ቢከፍትም በፈተናው ቀን ያሳፍራል።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ። በመጀመሪያ ስም ነው። ገጹ የራስንና የቤተ ሰብን ስም በሁለት ሣጥን ይጠይቃል። እኛ እንደ ፈረንጆች የቤተ ሰብ ስም ስለሌለን በሁለተኛው ሣጥን የአባት ስም ይገባል። አባቱ ገብረ ማርያም የሚባል ልጅ «ማርያም» የሚለውን ብቻ ጽፎ የአባቱን ስም እንዳይቈርጥ ይጠንቀቅ፤ ሁለቱን ቃል አንድ ላይ ይጻፍ። በላቲን ፊደል የሚጻፈውም ስም በዲግሪው፥ በፋይዳ መታወቂያውና በገጹ ላይ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ይሁን። የክርስትና ስም በማስረጃው ላይ ከሌለ በዚህ አይገባም።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የተመረቀ ልጅ «2015» ብሎ ቢጽፍ፥ የውጭ አገር አንባቢ ከስምንት ዓመት በፊት የተመረቀና ያን ያኽል ዘመን ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አድርጎ ይቈጥረዋል። ስለዚህ ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መመለስ ግድ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፥ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን 8 ይደመራል። የሐምሌ 2015 ምሩቅ 2023 ብሎ ይጽፋል ማለት ነው።

ሦስተኛው ሥዕል ነው። ከሠርግ ላይ ተቈርጦ የወጣ፥ የሌላ ሰው ትከሻ የሚታይበት ፎቶግራፍ አያስፈልግም። ንጹሕ ልብስ ለብሶ፥ በጥዋት ብርሃን፥ በነጭ ግድግዳ ፊት ቆሞ በስልክ የተነሡት ይበቃል።

አራተኛው ከስም ሥር የሚጻፈው አጭር መግለጫ ነው። በዚያ ላይ ከ«ሥራ ፈላጊ» ይልቅ ሙያው ይቅደም፦ «የሒሳብ አያያዝ ምሩቅ፤ የመዝገብ አያያዝና የክፍያ ሥራ» እንደ ማለት ነው። ብዙዎቹ ቀጣሪዎች በእንግሊዝኛ ስለሚያነቡ ገጹ በቀላልና በታረመ እንግሊዝኛ ቢጻፍ ይመረጣል፤ ከመውጣቱም በፊት ቋንቋውን የሚያውቅ መምህር ይየው። የሚችሉትን ቋንቋ ሁሉ መጥቀስ ይገባል፤ ግእዝ የተማረ ግእዝን፥ ኦሮምኛ ወይም ዐረብኛ የሚያውቅም እርሱን አይተው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ምስክሩ ነው። ያስተማረን መምህር፥ ያሠራን ኃላፊ፥ አብሮን የተማረ ጓደኛ በገጻችን ላይ ሁለት ሦስት መስመር እንዲጽፍልን በአክብሮት መጠየቅ ይቻላል። ሲጠየቅም «መልካም ነገር ጻፉልኝ» ከማለት ይልቅ «በእርስዎ ሥር የሠራሁትን ያንን ሥራ ቢመሰክሩልኝ» ማለት ይሻላል። የወሎ ሰው ክርስቲያኑም እስላሙም ለጎረቤቱ ልጅ ምስክርነት ሲቆም የኖረ ነው። አሁንም ያው ቃል በጽሑፍ ሆኖ ተራራውን እንዲሻገር ይደረጋል።

ኢንተርኔቱ በሌለበት ይህ ሁሉ ምን ይሆናል? የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ተቈጥረው ነበር። በዚያ ጊዜ ስንት ማመልከቻ ሳይላክ እንደ ቀረ እግዚአብሔር ያውቃል። ስለዚህም የምንመክረው ጽሑፉን አስቀድሞ በደብተር ላይ ጽፎ፥ አርሞ፥ ማስረጃውንም ፎቶግራፍ አንሥቶ መጠበቅን ነው። አሳቡ የተዘጋጀለት ሰው መስመሩ በተገኘበት ቀን፥ ወይም ደሴ በደረሰበት ቀን፥ በአንድ ሰዓት ይፈጽመዋል።

ጥንቃቄም አለ። ገጹ ለመልካሙ ቀጣሪ እንደሚታይ ለአታላዩም ይታያል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከማይንማር ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በድንበሩ አካባቢ ባሉ የማጭበርበሪያ ሰፈሮች ተይዘው የቆዩ ናቸው። ወደ እነዚያ ሰፈሮች ሰው የሚሳበው በኢንተርኔት በሚነገር የመልካም ሥራና የብዙ ደመወዝ ተስፋ ነው። ስለዚህ ሥራ እሰጥሃለሁ ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ፥ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ሳያደርግ ትኬት የሚልክ፥ ለወላጅህ አትንገር የሚል ሰው ቀጣሪ አይደለም። የውጭ አገር ሥራ የሆነ እንደ ሆነ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ የተሰጠው ኤጀንሲ መሆኑ ይጣራ። የመታወቂያ ቍጥር፥ የባንክ ሒሳብና የቤት አድራሻም በገጹ ላይ አይጻፉ።

ክቡራን ወላጆች ሆይ፥ ገጹ ብቻውን እንጀራ አይሆንም፤ ጸሎትንም፥ ሙያንም፥ ትዕግሥትንም አይተካም። የወጣ ገጽ ሁሉ በወሩ መልስ አያገኝም። ነገር ግን ልጃችሁ ማን እንደ ሆነና ምን እንደ ሠራ ለሚጠይቀው ሁሉ የሚመልስ ሆኖ ይቆያል። እናንተ ስልኩን ባታውቁት እንኳ ልጁን ታውቃላችሁ። እርሱ ከቁም ነገር ሳይቈጥር የረሳውን ሥራ የምታስታውሱለት እናንተ ናችሁ። እንግዲህ ዛሬ ማታ እራት ከተበላ በኋላ ደብተርና እርሳስ ይምጣ፤ «ልጄ፥ እስከ ዛሬ ምን ምን ሠራህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ የሚናገረውንም አንድ በአንድ ይጻፈው። ገጹ የሚጀመረው ከዚያ ነው።